ትሪውን ማን ይያዝ? “ሞዴሎች ከሜዳ ይውጡ” ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጎንደር የስፖርት ወዳጆች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው በጎዳና ሩጫና በእግር ኳስ ፍጻሜ ላይ የሚቆሙ ሞዴሎች፣ አስተናጋጆችና ፕሮሞተሮች ከሙያዊ ስፖርት ሊወጡ ይገባል ይላሉ። ምክንያታቸው ስድስት ነው፦ ዓለም ትቶታል፤ ሥራ የላቸውም፤ በተማሪዎች መተካት ይቻላል፤ ስፖንሰሩ አይጠቀምበትም፤ ባህላችን አይደለም፤ ልጆቹም ይበዘበዛሉ። በቅን ልቦና የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። በመጨረሻው ነጥብ ሙሉ በሙሉ፣ በአራተኛው ደግሞ በግማሽ እንስማማለን። በሌሎቹ ላይ ግን ጸሐፊው የሽልማት ሥነ ሥርዓትን ከተመልካች ወንበር ብቻ ያዩት ይመስላል። እርሳቸው በጻፉበት ቅደም ተከተል እንሂድ።

“ዓለም ትቶታል”

ማስረጃቸው የመኪና እሽቅድምድሙ ፎርሙላ ዋን ነው። እውነት ነው፤ የፎርሙላ ዋን ባለቤቶች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2018 (ከአዋጆቹ ቁጥር በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በመነሻው መስመር ላይ የሚቆሙትን ሴት ሞዴሎች እንደሚያስቀሩ አስታወቁ። የመክፈቻው የሜልቦርን ውድድር ማርች 25 ስለነበር ሁለት ወር እንኳ አልቀረም ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የፕሮፌሽናል ዳርት (ትንንሽ ቀስት በእጅ የመወርወር) ውድድር አዘጋጆች ተወዳዳሪውን አጅበው ወደ መድረክ የሚገቡትን ሴቶች አስቀርተዋል። የዓለም የረጅም ሰዓት የመኪና ውድድርም በ2015 ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ያልጻፉት ግን ብዙ ነው። በሞተር ሳይክሉ ሞቶ ጂፒ ጃንጥላ ያዦቹ አልቀሩም። በቦክስና በድብልቅ የማርሻል አርት ውድድሩ ዩኤፍሲ የዙር ቁጥር የሚያሳዩት አሁንም ይዞራሉ። የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦች ከሜዳ ዳር እየጨፈሩ የሚያበረታቱትን ቺርሊደሮቻቸውን ይዘው ቀጥለዋል፤ የሎስ አንጀለሱ ራምስ እንዲያውም በ2018 ወንዶችን ጨመረበት። ዓለም አንድ ላይ ተነሥቶ የተወው ነገር የለም፤ ተወ የተባለውም ቢሆን ቀረብ ብሎ ሲታይ ሌላ መልክ አለው። ፎርሙላ ዋን ሴቶቹን ባስቀረ በሳምንቱ ውስጥ በቦታቸው ከየአገሩ የሞተር ስፖርት ክለቦች የተመረጡ ሕፃናትን እንደሚያቆም አስታወቀ። ከመኪናው አጠገብ ሰው መቆሙ አልቀረም፤ የሚቆመው ሰው ተለወጠ እንጂ።

ከሁሉም ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው የፈረንሳዩ የብስክሌት ውድድር የቱር ደ ፍራንስ ጉዳይ ነው። ለዓመታት ውድድሩን የሚመራውን ቢጫ ማሊያ ለባሽ በመድረክ ላይ ግራና ቀኝ የሚያጅቡት ሁለት ሴቶች ነበሩ። ከ2020 ጀምሮ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ሆኑ፤ የጉንጭ መሳሙም ቀረ። ሥራው ግን እንዳለ ነው። በመድረክ ላይ የሚለበሰው ማሊያ ከኋላ የሚዘጋ ሆኖ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አራትና አምስት ሰዓት ሲጋልብ ውሎ እጁ የሚንቀጠቀጥ ስፖርተኛ በካሜራ ፊት በጭንቅላቱ እየታገለ እንዳይለብስ ነው። ስለዚህ ዚፑን የሚዘጋለት ሰው ያስፈልጋል። በኦሎምፒክም እንዲሁ ነው። በ2008 በቤጂንግ ሜዳሊያ ያዦቹ በቁመት የተመረጡ፣ ፈገግታቸውን በጥርስ ቾፕስቲክ (የቻይናውያን መመገቢያ እንጨት) ነክሰው የተለማመዱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በቶኪዮ ወንዶችም ገቡበት። በኮቪድ ምክንያት ሜዳሊያውን አንገት ላይ የሚያጠልቀው ሰው በቀረበት በዚያ ውድድር እንኳ ትሪው አልቀረም፤ አትሌቱ ከትሪው ላይ አንሥቶ ራሱ አጠለቀ።

“ሥራ የላቸውም፤ ቆመው ይታያሉ እንጂ”

ይህን ነጥብ ሰፋ አድርገን ማየት ይሻላል፤ የቀረው የጸሐፊው ክርክር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና።

የእግር ኳስ ፍጻሜን እንውሰድ። አንድ ቡድን 25 ተጫዋችና 8 የአሠልጣኝ ክፍል አባላት ቢያስመዘግብ 33 ሜዳሊያ ይፈልጋል። ለሁለቱ ቡድኖች 66፣ ለአራቱ ዳኞች ሲጨመር 70 ይሆናል። አንዱ ሜዳሊያ ከነሪባኑ 80 ግራም ቢመዝን የአንድ ቡድን ሜዳሊያ ብቻ ሁለት ኪሎ ተኩል ያልፋል። የክብር እንግዳው ከትሪው አንሥቶ፣ አጥልቆ፣ እጅ ጨብጦ እስኪያሳልፍ ለአንድ ሰው ሰባት ሰከንድ ቢፈጅ ለ33ቱ አራት ደቂቃ አይሞላም። ሪባኑ ተጠላልፎ እያንዳንዱ 15 ሰከንድ ከወሰደ ግን ስምንት ደቂቃ ያልፋል፤ ለሁለቱ ቡድን ከ16 ደቂቃ በላይ ማለት ነው። ጎንደር ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ 12 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። በዚያ ሰዓት ላይ የጠፋ ስምንት ደቂቃ ዋንጫው በብርሃን ወይም በጨለማ መነሣቱን ይወስናል። ጭማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣማ ልቅሶ ነው።

ሪባን የሚጠላለፈው አደራደሩን የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ነው። ሜዳሊያው ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛል፤ ሪባኑ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ የማጥለቂያው ቀለበት ትሪውን ወደያዘው ሰው ሳይሆን ወደ ክብር እንግዳው ይዞራል፤ እንግዳው ሁለት እጁን አስገብቶ በአንድ ጊዜ እንዲያነሣው። አንዱ ሪባን በሌላው ላይ መደረብ የለበትም። 60 በ40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ትሪ ላይ በሦስት ረድፍ 12 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የደረደረ ሰው መጠላለፉን በገዛ እጁ ጠራው። ስለዚህ ለአንድ ቡድን ሦስት ትሪ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲያልቅ ሁለተኛው ከኋላ ተተክቶ ይገባል። ትሪው የብረት ወይም የፕላስቲክ ከሆነ ከፋይ ጨርቅ ይለጠፍበት፤ ባዶውን ከሆነ ደረጃ ሲወጣ ሜዳሊያው ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይንሸራተታል። በጎንደር ሰፌድ መጠቀም እየተለመደ ነው፤ ለዓይን ያምራል። ለጎዳና ሩጫ ሦስት ሜዳሊያ ሰፌድ በቂ ነው፤ ለ33 ግን አይሆንም፤ መሀሉ ስለሚረግብ ሁሉም ወደ መሀል ይከማቻል።

ከዚያ አቋቋም አለ። ትሪ ያዡ ከክብር እንግዳው በስተቀኝ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማል። ትሪው በክርን ከፍታ፣ ወደ እንግዳው በትንሹ ዘንበል ብሎ ይያዛል። በሩጫ ሽልማት መጀመሪያ ነሐሱ፣ ቀጥሎ ብሩ፣ በመጨረሻ ወርቁ ነው፤ ትሪው ላይም በዚያው ተራ ይደረደራል። ሥራ ያለቀለት ትሪ ያዥ በአትሌቱና በካሜራው መካከል አያልፍም፤ በገባበት ተቃራኒ በኩል፣ ከባነሩ ኋላ ይወጣል። ፎቶ ከመነሣቱ በፊት ከፍሬሙ ውጭ መሆን አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው ሲይዘው ምን እንደሚሆን በየውድድሩ ፎቶ ላይ ማየት ይቻላል፦ አሸናፊዋ ግማሽ ፊት፣ ከፊት ለፊቷ የአንድ ሰው ጀርባና ባዶ ትሪ።

ለስድስት አሸናፊዎች፣ ማለትም ለሦስት ወንድና ለሦስት ሴት፣ አምስት ሰው ይበቃል። ሁለት ትሪ ያዦች፤ አንድ የክብር እንግዶችን ከወንበራቸው የሚያነሣና የሚመልስ፤ አንድ አሸናፊዎቹን ከመግቢያ መስመር ሰብስቦ ቱታ አስለብሶ በተራ የሚያቆም፤ አንድ ተጠባባቂ። አራተኛው ሰው በብዛት ይረሳል። ሦስተኛ የወጣው አትሌት የዶፒንግ ምርመራ ወይም ሽንት ቤት ሄዶ መድረክ መሪው ስሙን አራት ጊዜ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። የሽልማቱ ገንዘብ የሚጻፍበት ትልቁ የቼክ ሰሌዳ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ቀላል ሰሌዳ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲመታው እንደ ሸራ ይነፋል። ሁለት ሰው የታችኛውን ማዕዘን በሁለት እጅ ይዞ ካላመጣው ወይ ይሰበራል ወይ የእንግዳውን ባርኔጣ ይዞ ይሄዳል።

አለባበስም ለጌጥ ብቻ አይታሰብም። በጎንደር ኮብልስቶን ላይም ሆነ ዝናብ በጠጣ የስታዲየም ሣር ላይ ቀጭን ታኮ ይሰምጣል፤ ትሪ የያዘ ሰው ታኮው ሲሰምጥ ወደ ፊት ነው የሚደፋው። ሰፊ ታኮ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ሳያልፍ፣ ካልሆነም ጠፍጣፋ ጫማ ይሁን። የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ ጫፉ ከመሬት አራት ጣት ይነሣ፤ ደረጃ ሲወጣ የሚረገጠው እርሱ ነውና። ነጠላው በትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይያዝ። ሁለት እጁ ትሪ ላይ ያለ ሰው የተንሸራተተ ነጠላ የሚመልስበት ሦስተኛ እጅ የለውም።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ እንግዳን ቆሞ መጠበቁ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ችግር ይህ ነው። የክብር እንግዳው ይዘገያሉ፤ ልጆቹ ግን ከጠዋቱ ጀምረው በሰልፍ ይቆማሉ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የሚያቃጥል አይመስልም፣ ግን ያቃጥላል። ጉልበትን አጥብቆ ሳይንቀሳቀሱ መቆም ደምን እግር ላይ ያስቀርና ወደ ራስ የሚሄደው ያንሳል፤ በሰልፍ መሀል የሚወድቁት ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከ20 ደቂቃ በላይ ማንም አይቁም፤ ወንበር፣ ጥላና ውኃ ከመድረኩ ጀርባ ይኑር፤ የመሰለፊያው ምልክት የሚሰጠው እንግዳው ከመኪና ሲወርዱ እንጂ ይመጣሉ ሲባል አይሁን። በዐቢይ ጾም የሚካሄድ ውድድር ከሆነ ደግሞ ከልጆቹ ብዙዎቹ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ አስቀድሞ ተጠይቆ የሚጾሙት አጭር ፈረቃ ይሰጣቸው፤ ምሳውም የጾም ይሁን።

ልምምድ ከአንድ ቀን በፊት 40 ደቂቃ ይበቃል። ባዶ ትሪ ይዞ መለማመድ ግን ዋጋ የለውም፤ ሁለት ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ትሪው ላይ ተቀምጦ ደረጃ ይወጣ፣ ይወረድ።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ “ቆመው ይታያሉ” ብለው አለፉት። እኛ በሌላ መንገድ ብንለየው ይሻላል ባዮች ነን፦ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ከቦታው አንሥቶ ምን እንደሚቆም ማየት። ትሪ ያዡ ከተነሣ ሽልማቱ ይቆማል። እንግዳ መሪው ከተነሣ እንግዶቹ መድረክ ላይ ይጋፋሉ። ጃንጥላ ያዡ ከተነሣ በቆዳ ልብስ ታሽጎ ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ተወዳዳሪ ፀሐይ ይመታዋል። በቦክስ የዙር ቁጥር ይዛ የምትዞረው ከተነሣች ግን ምንም አይቆምም፤ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ተጽፏል። በስፖንሰር ስም መቀነት ታጥቀው በመግቢያው ግራና ቀኝ ስምንት ሆነው የሚደረደሩት ቢነሡም ምንም አይጎድልም። እነዚህ ሁለቱ ይቅሩ ቢሉን አንከራከርም ነበር።

“በተማሪዎች መተካት ይቻላል”

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያልጠበቁት ጉድጓድ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሌሊት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል ማሠራትን ይከለክላል። የጎዳና ሩጫ የሚካሄደው መቼ ነው? እሑድ። ተማሪዎቹን ከፍለው ካሠሩ ሕጉ አለ። ሳይከፍሉ ካሠሩ ደግሞ ጸሐፊው በስድስተኛው ነጥብ ያወገዙትን ብዝበዛ ወደ ታናናሾቹ አወረዱት ማለት ነው።

ተማሪ በሥነ ሥርዓቱ ላይ አይታይ አንልም። የአሸናፊውን እጅ ይዞ የሚገባ፣ አበባ የሚሰጥ ልጅ ደስ ይላል፤ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ከወላጁ ጋር ይመለሳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከአዘዞ ወይም ከማራኪ በአንድ አውቶቡስ ታጭቆ መጥቶ እስከ ቀትር ባንዲራ እያውለበለበ የሚቆም ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

“ስፖንሰሩ አይጠቀምበትም”

ግማሹ እውነት ነው። ከመቀነታሞቹ ሰልፍ ስፖንሰሩ የሚያገኘው ነገር እምብዛም ነው፤ ፎቶው የሚወጣው ከባነሩ ፊት ነው፣ ባነሩ ላይ ስሙ አለ። ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ፕሮሞተር ግን ሻጭ ነው፤ ውጤቱም የሚቆጠር ነው። በስታዲየም በር አንድ ፕሮሞተር አንድን ሰው ለሁለት ደቂቃ አነጋግሮ ቢመዘግብ በሰዓት 30 ሰው ነው። አራት ፕሮሞተሮች በሦስት ሰዓት 360 ይደርሳሉ ብሎ ስፖንሰሩ ያሰላል። ስሌቱ የሚፈርሰው በሩ ላይ ነው። ሕዝቡ በብዛት የሚመጣው በመጨረሻዎቹ 45 ደቂቃዎች ነው፤ በዚያ ግፊያ ውስጥ ቆሞ የሚመዘገብ የለም። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ባዶ ነው። ስለዚህ ቦታው በሩ ላይ ሳይሆን ከበሩ 50 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሰው ጓደኛውን በሚጠብቅበት፣ ቲኬት በሚገዛበት ሰልፍ ጎን ነው። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ጊዜ አለው። በሩጫ ደግሞ ከሩጫው በፊት ማንም አይሰማም፤ የቁጥርና የቲሸርት ዕደላ ቀን ነው ገበያው። በሁለቱም ላይ ፕሮሞተሯ ስለ ምርቱ ሦስት ጥያቄ መመለስ ካልቻለች፦ ዋጋው፣ የሚገኝበት ቦታ፣ ሲበላሽ የት እንደሚመለስ፤ ስፖንሰሩ የቀጠረው ሰው ሳይሆን ፖስተር ነው። ጥፋቱም የእርሷ አይደለም፤ ያላሠለጠናት ሰው ነው።

የቢራ ስፖንሰርን በሚመለከት ጸሐፊው ዝም ብለው አልፈዋል፤ እኛ ግን አናልፈውም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። የቴሌቪዥን ካሜራ በተተከለበት መድረክ ላይ የቢራ ስም በታተመበት ቀሚስ ትሪ ያዥ ማቆም አዘጋጁን ሊያስጠይቅ ይችላል። ልጅቷ ራሷ 21 ካልሞላች ደግሞ ነገሩ ጭራሽ አሳፋሪ ይሆናል።

“ባህላችን አይደለም”

በጎንደር ምድር ይህን መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። በነገሥታቱ ግብር ላይ እንግዳን እንደየማዕረጉ የሚያስገባና የሚያስቀምጥ አጋፋሪ ነበር፤ ወደ ንጉሡ እልፍኝ ማን ይግባ ማን ይቆይ የሚለውን የሚቆጣጠር እልፍኝ አስከልካይ ነበር። ሹመት ነበር እንጂ ጌጥ አልነበረም፤ የተሾሙትም ወንዶች ነበሩ። ዛሬ በየመድረኩ እንግዳ የሚመራው ሰው የሚሠራው የአጋፋሪን ሥራ ነው። ባዕድ የሆነብን ያለ ሥራ መቆም ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

ከባህላችን የመጣ አንድ ችግር ግን አለ፤ ጸሐፊው አላነሡትም። ይህች የአዝማሪ አገር ናት። አዝማሪ ደመወዝ አይከፈለውም፤ ይሸለማል፤ ደስ ያለው ሰው ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል፣ ደስ ያላለው ያልፈዋል። ይኸው ልማድ ወደ መድረክ ሠራተኞች ተጋብቷል። ብዙ አዘጋጅ ለትሪ ያዦች የሚሰጠውን ገንዘብ እንደ ሽልማት ያየዋል፤ ውድድሩ ካተረፈ ይጨምራል፣ ካላተረፈ “በሚቀጥለው እንተሳሰባለን” ይላል። ከድምፅ ማጉያው ባለቤት ጋር ግን እንዲህ አይነጋገርም።

ጸሐፊው እግረ መንገዳቸውን አንድ ከባድ ነገር ጥለዋል፦ ታዳጊ ሴት ልጅ ስታዲየም መጥታ የምታየው ሴት ትሪ ስትይዝ ነው። ከጽሑፋቸው ጠንካራው ይህ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ ወርቅ ባመጡበት አገር የሴት ቦታ ትሪው ጋ ብቻ መስሎ መታየቱ ያሳዝናል። መልሱ ግን በአዘጋጁ እጅ ነው። ከሁለቱ ትሪ ያዦች አንዱ ወንድ ይሁን። የሴቶቹ ሽልማት የወንዶቹ ካለቀ በኋላ ሕዝብ ሲበተን አይሰጥ፤ አንዴ ሴቶቹ፣ አንዴ ወንዶቹ እየቀደሙ ይፈራረቁ። የክብር እንግዶቹም ሁሉም ወንድ አይሁኑ።

“ልጆቹ ይበዘበዛሉ”

አዎ፤ ይበዘበዛሉ። ከዚህ ተነሥቶ ይውጡ ማለት ግን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው። የአሜሪካውን ጉዳይ እንይ። በ2014 የኦክላንድ ሬይደርስ ቺርሊደሮች ክለባቸውን ከሰሱ። ለአንድ ጨዋታ የሚከፈላቸው 125 ዶላር ነበር፤ ልምምዱና የማስታወቂያ ዝግጅቱ አይታሰብም። በፍርድ ቤት የጠየቁት ክፍያቸውን እንጂ ሥራው እንዲዘጋ አልነበረም። ክለቡ በ1.25 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ በ2015 ደግሞ የካሊፎርኒያ ግዛት የሙያ ክለብ ቺርሊደሮች ሙሉ ሠራተኛ ናቸው የሚል ሕግ አወጣ። ፎርሙላ ዋን ሴቶቹን ሲያስቀር ብዙዎቹ በይፋ ተቃውመው ነበር።

ስለዚህ ወረቀት ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ይለይ፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመድረክ ሳይሆን ለልብስና ለፀጉር ከተጠሩበት ነው። ሹሩባ ለመሠራት ብቻ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይሄዳል፤ አዘጋጁ ሹሩባ ካዘዘ ጊዜውንም ዋጋውንም ይክፈል። ለትርፍ ሰዓት የሠራተኛ አዋጁ መነሻ ይሆናል፤ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ እስከ ንጋት አንድ ከሰባ አምስት፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። ለአንድ ቀን የተዋዋለ ሰው እንኳ በዚህ ልክ ሊደራደር ይችላል፤ በአገሪቱ ለግል ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ሌላ መያዣ የለውም። በጥምቀት ሰሞን ለሚካሄድ ውድድር ይህ ቁጥር ትንሽ አይደለም።

ደላላው የሚወስደው ድርሻ በወረቀቱ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ካልተጻፈ አዘጋጁ የከፈለውና ልጅቷ የተቀበለችው የሚገናኙበት ቦታ የለም። ፎቶው ለዜናና ለውድድሩ መግለጫ ይዋል፤ ስፖንሰሩ በቢልቦርድ ሊለጥፈው ከፈለገ ሌላ ስምምነትና ሌላ ክፍያ ነው። ልብሱ የሚታይ ናሙና ሳይኖር ማንም አይፈርም፤ በውድድሩ ጠዋት ከላስቲክ የሚወጣ ቀሚስ ሁልጊዜ ወይ ያጥራል ወይ ይጠብባል። መቀየሪያ ክፍሉ በር ያለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፤ የተጫዋቾች መተላለፊያ ላይ በመጋረጃ የተከለለ ጥግ መቀየሪያ ክፍል አይባልም።

ስለ መነካካትም ተለይቶ ይጻፍ። በ2013 በፍላንደርስ የብስክሌት ውድድር ሁለተኛ የወጣው ፒተር ሳጋን በመድረክ ላይ አንዲት አስተናጋጅን በእጁ ነክቶ በዓለም ካሜራ ፊት ተዋርዷል፤ ኋላም ይቅርታ ጠየቀ። በእኛ ዘንድ የሚያስቸግረው ከአትሌቱ ይልቅ ለፎቶ ብሎ ወገብ የሚይዝ እንግዳ ነው። ትሪው እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ በሁለት እጅ ተይዞ በመሀል እስካለ ማንም አይጠጋም። ስለዚህ ትሪ ያዥ ትሪውን አስረክባ ለፎቶ ተመለሺ አትባል። ቅሬታ የሚቀበል አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ ስፖንሰሩ ወይም ደላላው ሳይሆን አዘጋጁ የመደበው ሰው ይሁን። የሠራተኛ አዋጁ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ ወረቀቱ ላይ ያንን በአንድ መስመር መጥቀስ እንግዳውንም አዘጋጁንም ያሳስባል።

ሥነ ሥርዓቱ ከመሸ የሚያልቅ ከሆነ እያንዳንዳቸው እቤታቸው በር ድረስ በመኪና ይመለሱ። ፒያሳ አውርዶ “ከዚህ ባጃጅ ያዙ” ማለት መመለስ አይባልም፤ የሐበሻ ቀሚስ ለብሶ፣ ሜካፕ ተቀብቶ ማታ ባጃጅ ተራ መቆምን የሚያውቀው የቆመው ነው። ክፍያው ግማሹ ከልምምዱ በፊት ይሰጥ። ቀሪው ግማሽ ትሪዎቹና ከፋይ ጨርቆቹ ተቆጥረው ወደ ንብረት ክፍል ሲመለሱ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይፈረምበት።